ነጭ ሆኖ የበቀለ በቆሎ፦ ችግሩ ከአፈሩ ሳይሆን ከዘሩ ነው

ጥያቄ፦ ለዓመታት ከጓሮዬ ሁለትና ሦስት የበቆሎ ራስ ብቻ ለዘር እያስቀረሁ እዘራለሁ። ዘንድሮ ከአንዱ ራስ ዘር በአንድ መስመር ከበቀሉት 40 ቡቃያዎች ስድስቱ ከመነሻቸው እንደ ወረቀት ነጭ ናቸው። ዩሪያ ልጨምርላቸው?

ምላሽ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ዩሪያውን ለሌላው ሰብልዎ ያቆዩት፤ እነዚህን ቡቃያዎች የሚያድን ማዳበሪያም ሆነ መድኃኒት የለም። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ ቢጫነቱ ከታችኛው፣ ካረጀው ቅጠል ጫፍ ይነሣ ነበር እንጂ ጎረቤቱን አረንጓዴ ትቶ አንዱን ቡቃያ ብቻ ከግርጌ እስከ ጫፍ አያነጣውም ነበር። አንዱን ነቅለው ቢያዩት ሥሩ ጤነኛ ነው፤ ከግርጌው ያልተላቀቀችው ፍሬ ግን ጫን ሲሏት ባዶ ለመሆን ተቃርባለች። ቡቃያው እስካሁን የኖረው በእርሷ ስንቅ ስለሆነ፣ ስንቁ ሲያልቅ ይደርቃል።

ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርጉትና በፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠሩት ክሎሮፕላስት የተባሉ ደቃቅ አካላት የራሳቸው ዘረ መሎች አሏቸው፤ ቁጥራቸው ግን ከመቶ ጥቂት ከፍ ቢል ነው። የሚያስፈልጓቸው ፕሮቲኖች ከ2,000 በላይ ስለሆኑ፣ አብዛኞቹ በህዋሱ ኒውክለስ ውስጥ ባሉ ዘረ መሎች ትእዛዝ ከውጭ ተሠርተው ይገቡላቸዋል። ለዚህ ሥራ ከሚያስፈልጉት የኒውክለስ ዘረ መሎች አንዱ ሲበላሽ ክሎሮፕላስቱ ሳይጎለምስ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ቡቃያው የተበላሸውን ቅጂ ከእናትም ከአባትም ሲወርስ ነው፤ አንድ ጤነኛ ቅጂ ካለው አረንጓዴ ሆኖ ጉድለቱን ተሸክሞ ያድጋል። ሁለት ተሸካሚዎች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ቡቃያ አንዱ ነጭ ይሆናል። የእርስዎ ከዚያ ማነሱ፣ አንድ የበቆሎ ራስ ብናኝ የሚቀበለው ከብዙ አባት ስለሆነና ሁሉም ተሸካሚ ስላልሆኑ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ነጮቹ ሳይሆኑ አረንጓዴ ወንድሞቻቸው ናቸው፤ በአማካይ ከግማሽ የማያንሱት ጉድለቱን ደብቀው ይዘዋልና። የዚያን መስመር እሸት ያለ ስጋት ይብሉት፤ ለዘር ግን አያስቀሩለት፤ ወንዴ አበባውንም ብናኝ ሳይረጭ ይቁረጡት። ለከርሞ፣ አንድ ዓይነት ዝርያ ከሚዘሩ ጎረቤቶችዎ ጋር ሆነው ከብዙ ተክሎች ራስ ይምረጡ፤ ዘሩን ከመቀላቀልዎ በፊት ደግሞ ከየራሱ 20 ፍሬ ለብቻ ያብቅሉ፤ አንድ ነጭ እንኳ ከወጣበት ያ ራስ ለወፍጮ ይሁን። ሙከራውን ብርሃን ባለበት ቦታ ያድርጉት፤ ጨለማ ውስጥ የበቀለ ጤነኛ ቡቃያም ይገረጣልና።