የቮልሷ ሞተሪኖ ቡሽንግ ለምን ቶሎ ይበላል?

ጥያቄ፦ «ከአባቴ የወረስኳት ባለ 12 ቮልት ቮልስ አለችኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሞተሪኖዋ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ሞተር) ቡሽንግ፣ ማለትም ሻፍቱ (የሚዞረው ዘንግ) የሚገባበት ቀለበት፣ ሦስት ጊዜ ተበላ። ቶርኖ ቤት ከነሐስ አስቀርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክዬ፣ ግራሶ ቀብቼ ነው የምገጥመው። ጠዋት ትነሳለች። ሞተሩ ሲሞቅ ግን ‹ቀጭ› ብላ ትቀራለች። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ ሌላ ሞተሪኖ ልግዛ ብለህ ገንዘብህን እንዳታወጣ። የቮልስ የፊት ቡሽንግ የተተከለው ሞተሪኖው ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ቤት ላይ ነው። ብዙ ሰው ሞተሪኖ እየቀያየረ ያቺን ቀለበት ይረሳታል። አንተ ቦታዋን አግኝተሃል፤ የሳትከው ዓይነቷን ነው።

የፋብሪካዋ ቡሽንግ ድፍን ነሐስ አይደለችም። ከመቶ 90 መዳብ፣ 10 ቆርቆሮ (ቲን) የሆነ ዱቄት ተጨፍልቆ፣ መዳቡ ሳይቀልጥ በእሳት ተጋግሮ ነው የሚሠራት። ስለዚህ እንደ እንጀራ ዓይን አላት። ከአካሏ አንድ አምስተኛ የሚያህለው ቀዳዳ ነው፤ ዘይቱ እዚያ ይቀመጣል። ሻፍቱ ሲዞርና ሲሞቅ ዘይቱ ይወጣል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይመጠጣል። ያስቀረጽከው ግን ቂጣ ነው፣ ዓይን የለውም። ሞተሪኖ ደግሞ ትንሽ ዞሮ ወዲያው ይቆማል። ሻፍቱን ከቡሽንጉ ለይቶ የሚይዝ የዘይት ንጣፍ ለመሥራት ጊዜ አያገኝም። ዘይት ከውስጥ ካልመጣለት ብረት ብረትን ይበላል። ቡሽንጉ ሲሰፋ ኢንዱቶው (ሽቦ የተጠመጠመበት የሞተሪኖው የሚዞር አካል) ያዘነብልና ዙሪያውን ካለው ብረት ጋር ይፋተጋል። ሽቦው ሲሞቅ ጉልበቱ ስለሚቀንስ ያን ፍትጊያ ማሸነፍ ያቅተዋል። ፈተህ ኢንዱቶውን እየው። አንድ ወገኑ ተፍቆ ካበራ ነገሩ ይኸው ነው። ካልተፋቀ ወደ ባትሪ ገመዱና ወደ ሶሌኖይዱ (ሞተሪኖው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ማብሪያ) ሂድ።

አሁን ባለ ቀዳዳውን ፈልግ። ስትገዛ ሻፍቱን በካሊፐር ለክተህ ሂድ፤ የባለ 6 ቮልቱ ወደ 12.5 ሚሊ ሜትር፣ የባለ 12ቱ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በቀላሉ ይምታታል። ትክክለኛ መሆኑን ለማወቅ በላይተር ሞቅ አድርገው፤ ፊቱ ላይ ዘይት ካላበው እሱ ነው።

ከመግጠምህ በፊት ንጹሕ የሞተር ዘይት ውስጥ 24 ሰዓት ዘፍዝፈው። ከቸኮልክ 100 ዲግሪ በሞቀ ዘይት 2 ሰዓት አቆየው፤ ግን እዚያው ዘይት ውስጥ ሆኖ ይቀዝቀዝ። ዘይቱን የሚመጠው ሲቀዘቅዝ ነው፣ ትኩሱን ካወጣኸው ድካምህ ከንቱ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን እባክህ አታስነካው። ዓይኑን ይደፍነዋል፣ ፍርፋሪውም ነሐሱ ላይ ተሰክቶ ሻፍቱን ይሞርደዋል። ሻፍቱን በጥፍርህ ዳብሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ አዲሱንም ይበላዋል፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ግራሶም ለዚህ ቡሽንግ አይሆንም፣ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ባለ ቀዳዳው ጨርሶ ከጠፋና ድፍኑን ለመግጠም ከተገደድክ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ውስጡ ላይ የዘይት ቦይ አስወጣለትና ግራሶ ቀባው፤ በየጊዜውም ሞተሪኖውን እያወጣህ ቡሽንጉን ቀባው።

ሲገባ በመዶሻ ፊቱን አትምታው፣ አፉ ይጠባል። ሻፍቱን የሚያህል ለስላሳ ብረት ውስጡ ከተህ ቀጥ አድርገህ ግፋው። ጉድጓዱንም አስቀድመህ ጥረገው፤ የፍሪሲዮን ብናኝ እዚያ ይጠራቀማል።