«ደራሲው ይህን ሰው ለምን ይጠላዋል?»

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፤

አምድዎን ከሚከታተሉ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ማታ ማታ አብረን እናነባለን፤ አንዱን ምዕራፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ። አሁን የያዝነው የቻርልስ ዲከንስን «ኦሊቨር ትዊስት» ነው። በልጅነቴ አንብቤ ያለቀስኩበት መጽሐፍ ስለሆነ እሷም እንድትወደው ጓጉቼ ነበር።

ወደደችውም። ወላጅ የሌለው ልጅ ምግብ እንዲጨመርለት ሲለምን እንባዋ መጣ። ከዚያ ፌጊን ገባ፤ ሕፃናትን ሌብነት የሚያስተምረው ሽማግሌ። ጥቂት እንደሄድን አስቆመችኝና «አባዬ፣ ደራሲው ይህን ሰው ለምን ይጠላዋል?» አለችኝ። «ሌባ ስለሆነ ነዋ» አልኳት። «ሌቦቹ እኮ ብዙ ናቸው። እሱን ብቻ ነው ‘አይሁዱ፣ አይሁዱ’ የሚለው። ስም አለው አይደል?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ወንድሜ «ዘመኑ እንደዚያ ነበር በላትና ቀጥሉ፤ ልብ ወለድ ነው» ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ይቅርባት ባይ ናት። እኔ ክፉ ክፉውን እየዘለልኩ ላንብብላት ወይ ብዬ አስቤያለሁ። ቀጥሎ ያሰብኩት «ሃክልቤሪ ፊን»ን ነበር፤ እዚያም የባሰ ስድብ እንዳለ አውቃለሁ። መጽሐፎቹን እወዳቸዋለሁ። ልጄ ግን ሰው መናቅን ከእኔ እጅ እንድትማር አልፈልግም። ምን ይሉኛል?

አንባቢው አባት

መልስ

ውድ አንባቢው አባት፤

ልጅዎ ልክ ናት። ሳያድበሰብሱ ይንገሯት።

ፌጊን መጀመሪያ የሚታይበትን ቦታ መልሰው ይክፈቱት፤ ምዕራፍ 8 ላይ ነው። ግድግዳው በእርጅናና በእድፍ የጠቆረ ክፍል አለ። እሳት ይነዳል። አንድ የተጨማደደ ሽማግሌ እሳቱ አጠገብ ቆሞ ቋሊማ ይጠብሳል። በእጁ መጥበሻ ሹካ ይዟል፣ ፊቱን የተንጨባረረ ቀይ ጸጉር ሸፍኖታል። እሳቱ፣ ሹካው፣ ቅላቱ፤ ዲያብሎስ የሚሳለው እንዲህ ነው። ሰውየው ገና ምንም ሳያደርግ ተፈርዶበታል።

አሁን ከፌጊን ጋር የሚሠራውን ዘራፊ ቢል ሳይክስን ከጎኑ ያቁሙት። አብራው የምትኖረውን ናንሲን ደብድቦ የሚገድላት እሱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በገዛ እጁ ከእሱ የከፋ የሠራ የለም። ተራኪው ግን ሳይክስን በየገጹ «ክርስቲያኑ» እያለ አይጠራውም። ስሙን ይጠራል፤ ወይ «ዘራፊው» ይለዋል። የሳይክስ ክፋት የራሱ የሳይክስ ነው። የፌጊን ክፋት ግን የወገኑ ሁሉ ይመስላል። ልጅዎ የያዘችው ይህንን ነው። ብዙ አዋቂ ሳያየው ያልፋል።

ወንድምዎ «ዘመኑ ነው» ማለታቸውን በደንብ እረዳለሁ፤ ሁላችንም የምንለው ነገር ነው። እኔ ግን ይህ መልስ ለልጅዎ ባይሰጥ እመርጣለሁ። በዚያ ዘመን እኮ አይሁዶችም ይኖሩ ነበር። ያነቡም ነበር። «ኦሊቨር ትዊስት» በመጽሔት በተከታታይ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1837 እስከ 1839 ነው። በ1863 ኤላይዛ ዴቪስ የምትባል አይሁዳዊት ለዲከንስ ደብዳቤ ጻፈች። ባሏ የዲከንስን ቤት የገዛ ሰው ስለነበር ይተዋወቃሉ። ለተጨቆኑ ሰዎች የሚቆረቆር የተባለ ደራሲ በተናቀው ሕዝብ ላይ ጥላቻ እንዲበረታ ማድረጉን ፊት ለፊት ነገረችው።

ዲከንስ መጀመሪያ ተከራከረ። ታሪኩ በተፈጸመበት ጊዜ እንዲያ ያለ ወንጀለኛ አብዛኛውን ጊዜ አይሁዳዊ ነበር አለ። ሌሎቹ ክፉዎችም ክርስቲያኖች ናቸው አለ። የልጅዎ ጥያቄ ይህን ሁለተኛውን መልስ ያፈርሰዋል። አዎ፣ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ግን ማን በሃይማኖታቸው ጠራቸው?

ነገሩ በክርክር አላበቃም። በ1864 እና 1865 በወጣው «የጋራ ወዳጃችን» በሚለው ልብ ወለዱ ራያ የሚባል ደግ አይሁዳዊ ሽማግሌ አስገባ። ራያ አንድ ቦታ ላይ የሚናገረውን ለልጅዎ ያንብቡላት። ሰዎች መጥፎ ግሪካዊ ሲያዩ ጥሩም ግሪካዊ አለ ይላሉ፤ መጥፎ ቱርክ ሲያዩም ጥሩ አለ ይላሉ። ወደ እኛ ሲመጡ ግን ከመካከላችን የከፋውን ይዘው ሁላችንንም በእሱ ይመዝኑናል ይላል። ኤላይዛ ዴቪስ የጻፈችው ቁም ነገር ተመልሶ በዲከንስ ብዕር ወጣ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ራያ እንደ ሰው ብዙም አይዋጥልኝም። ደግነቱ ከልክ ያልፋል፤ አይቆጣም፣ ለራሱ የሚመኘው ነገር የለም። ፌጊን ክፉ ቢሆንም ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ይፈራል።

በ1867 ደግሞ ዲከንስ «ኦሊቨር ትዊስት»ን እንደገና ሲያሳትም፣ በተለይ ወደ መጨረሻው፣ «አይሁዱ» የሚለውን ከብዙ ቦታ አወጣ። የያዙት ቅጂ ከየትኛው እትም እንደመጣ ማወቅ ከፈለጉ ምዕራፍ 52ን ይግለጡ። በፊተኛው እትም ርዕሱ የአይሁዱ የመጨረሻ ሌሊት የሚል ነው፤ በታረመው የፌጊን የመጨረሻ ሌሊት ይላል። ይህን ከልጅዎ ጋር አብረው ይፈልጉት። እሷ የጠየቀችውን ሌላ አንባቢ ቀድማ ጠይቃ፣ ደራሲውም ሰምቶ እጁን ወደ ገጹ እንደመለሰ በዓይኗ ትየው።

ስለዚህ መዝለሉን ይተውት። ዘለው ካነበቡላት ጥያቄዋን ነው የሚነጥቋት።

«ሃክልቤሪ ፊን» ሌላ ጉዳይ ነው። ማርክ ትዌይን በ1884 ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ጥቁሮችን በሚያዋርድ ስድብ የተሞላ ነው፤ ያንን ቃል አፍ ሞልቶ ማንበብ ይከብዳል። ነገር ግን ምዕራፍ 31 እና 32ን አከታትለው ያንብቡ። በ31 ታሪኩን የሚተርከው ልጅ ሃክ ከባርነት ያመለጠውን ጂምን የሚያሳጣ ደብዳቤ ይጽፍና መልሶ ይቀደዋል። ያመለጠ ባሪያን መርዳት ኃጢአት ነው ተብሎ ነው ያደገው፤ ሲኦል መግባት ካለብኝ እገባለሁ ብሎ ይቆርጣል። በ32 አንዲት ሴት በመንገድ ያቆያቸው ምን እንደሆነ ትጠይቀዋለች። የእንፋሎት መርከቡ ዕቃ ፈነዳ ብሎ ይዋሻታል። «ሰው ተጎዳ?» ትለዋለች። «የለም፤ አንድ ጥቁር ሞተ» ይላታል፣ በዚያው በስድቡ ቃል። እሷም እፎይ ትላለች፤ አንዳንዴ ሰው ይጎዳልና።

ትዌይን በዚህ ላይ አንዲት የፍርድ ቃል አይጨምርም። ሴትዮዋ ደግ ናት፣ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጥቁሩ ግን ለእሷ ሰው አይደለም። ሃክም ያንን የተናገረው ለጂም ሲል ሲኦልን ከመረጠ በኋላ ነው። እዚህ ጥላቻው ለእይታ ወጥቷል። በፌጊን ላይ ግን ተራኪው ራሱ ነው የሚጠላው። ይህን ልዩነት የ13 ዓመት ልጅ አሳምራ ትለየዋለች።

ትዌይንም ቢሆን ንጹሕ ነው ብለው አያቅርቡላት። በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ጂም ተይዞ ታስሯል፤ የሃክ ጓደኛ ቶም ሶየር ጂም በኑዛዜ ነፃ እንደወጣ እያወቀ ለጨዋታ ሲል በእስሩ አቆይቶ ያሠቃየዋል። ያን ያህል የከበረ ሰው መሳቂያ ይሆናል። እኔ እዚያ ቦታ ስደርስ ሁሌም እናደዳለሁ።

ጂም ቢያንስ ይናገራል። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 ባደረገው ንግግር የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» የከሰሰው በዚህ ነው። የአፍሪካ ምድር ላይ የሚፈጸም ታሪክ ነው፤ አፍሪካውያኑ ግን ከጥቂት የተሰባበሩ ቃላት በቀር አንደበት የላቸውም። ስድብ ባይኖርም ዝምታ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ስታነብ ማን ስም እንዳለው፣ ማን እንደሚናገር፣ ማን የራሱ ምኞት እንዳለው እያስተዋለች ትሂድ። የመጀመሪያውን ብቻዋን ደርሳበታለች።

ስለ ባለቤትዎ አንድ ነገር ልበል። ስጋታቸው ተራ አይደለም። የተሰደበው ወገን የራሷ የሆነ ልጅ እንዲህ ያለውን ገጽ የምታነበው ሌላው እንደሚያነበው አይደለም። ልጅዎ በቃኝ ካለች ያቁሙ፤ ጀምረነዋልና እንጨርሰው አይበሏት። ውሳኔው ግን የእሷ ይሁን።

«ሃክልቤሪ ፊን»ን ለብቻዋ አይስጧት። ምዕራፍ 32 ላይ ስትደርስ እርስዎ አጠገቧ ይኑሩ። የሴትዮዋን መልስ አንብበው ዝም ይበሉ፤ ትዌይን እንዳደረገው። የሚቀጥለውን እሷ ትናገር።