የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወቅቶችን በሥዕል ካርድ ማስተማር

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። የወቅቶችን ስም እንድትለምድ ብዬ የሥዕል ካርዶች ገዛሁላት፤ ካርዶቹ ላይ ያለው ግን በረዶ የለበሰ ቤትና ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ነው። በረዶ የለበሰውን ቤት እያሳየሁ «ክረምት» ስላት ቃሉን አጥርታ ትደግመዋለች፤ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ «አሁን ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቃት ግን መልስ የላትም። ካርዶቹን ልተዋቸው ወይስ አጠቃቀሜን ላስተካክል?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ ከልጅዎ አይደለም። ካርዱ ላይ ያለው ቤት በደጃችሁ ስለሌለ፣ ቃሉን ከምታየው ዝናብ ጋር የምታያይዝበት ምክንያት አላገኘችም። እነዚህ ካርዶች የተዘጋጁት ታኅሣሥና ጥር ላይ በረዶ ለሚጥልባቸው አገሮች ሲሆን፣ በእነዚያው ወራት አዲስ አበባ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱና ማለዳው ደግሞ ብርዳም ነው። ስለዚህ ካርዶቹን ለጊዜው ያስቀምጧቸውና የራስዎን ይሥሩ፤ ጠንከር ያለ ወረቀት፣ ቀለምና ስልክዎ ላይ ያነሷቸው ፎቶግራፎች ይበቃሉ።

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ነገሩ ይቅደም፣ ካርዱ ይከተል። ለምሳሌ ነሐሴ ላይ ከዶፍ ዝናብ ጋር በረዶ ወርዶ ሲያባራ፣ ልጅዎን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡና አንዷን ፍሬ አንስታ መዳፏ ላይ ትያዛት። «በረዶ ወረደ፤ እጄን ቀዘቀዘኝ፤ ይኸው ቀለጠ» እያላችሁ አብራችሁ ተናገሩ። በማግስቱ የበረዶውን ካርድ ሲያሳዩዋት ሥዕሉ የትናንቱን ቅዝቃዜ ያስታውሳታል፤ ከስሙም ጋር «ወረደ»ን እና «ቀለጠ»ን ትይዛለች። ብዙ ወላጆች ስም ብቻ ያስቆጥራሉ፤ ግስ የሌለው ቃል ግን ልጅን ዓረፍተ ነገር አያናግርም።

በአንድ ጊዜ ከአምስት ካርድ አይለፉ። ለክረምት ደመና፣ ጃንጥላ፣ ጭቃ፣ ቦት ጫማና ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ እሸት መነሻ ይሆናሉ። ለቡሄ፣ ማለትም ለነሐሴ 13፣ ጅራፍና ሙልሙል ይጨምሩ፤ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባና እንግጫ፣ ለመስቀል ደግሞ ችቦና ደመራ ይምጡ። ለበጋ አቧራ፣ የደረቀ ሣር፣ አጨዳና የእህል ክምር ጥሩ ናቸው፤ አጨዳ በከተማ ስለማይታይ፣ ኅዳር ላይ ወደ ገጠር የምትሄዱ ከሆነ ካርዱን ከጉዞው በኋላ ያቆዩት። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይኑር። መጀመሪያ «ጃንጥላውን አሳይኝ» ይበሏት፣ በጣቷ በትክክል ማሳየት ስትጀምር ብቻ «ይህ ምንድን ነው?» ወደሚለው ይለፉ፤ መለየት ከመናገር ይቀድማልና። ካፊያንና ዶፍን ግን ሥዕል አይለያቸውም፤ በጣቶችዎ ጠረጴዛውን በቀስታ፣ ከዚያም በኃይል እየመቱ በድምፅ ቢያስተምሯት ይሻላል።

ወቅቶቹ ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ መምህራንንም ያከራክራል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን አራት ሲሆኑ መፀው መስከረም 26፣ በጋ ታኅሣሥ 26፣ ጸደይ መጋቢት 26፣ ክረምት ሰኔ 26 ይገባሉ። የአደይ አበባን ካርድ «ጸደይ» ብለው የሚጽፉ ስላሉ ይህን ልብ ይበሉ። ለአራት ዓመት ልጅ ግን ክረምትና በጋ ይበቃሉ፤ ሌሎቹን ትምህርት ቤት ስትገባ ትደርስባቸዋለች። በዚህ ዕድሜ «ሦስት ወር» ማለት ትርጉም ስለማይሰጣት፣ ጊዜውን በበዓላት ያስይዟት፤ ጥምቀት በበጋ፣ ቡሄ በክረምት። ዒድ አል ፈጥርና አረፋ ግን በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚውሉ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ቀደም ብለው ይመጣሉ፤ ስለዚህ ለበዓሉ የራሱ ካርድ ይኑረው እንጂ ከአንድ ወቅት ካርዶች ጋር አይቀመጥ።

ይህን የምታነቡ የቦረና ወላጆች ከላይ ያለውን ዝርዝር እንዳለ አትውሰዱት። በእናንተ ዘንድ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚጥል፣ ሐምሌ ላይ የጃንጥላ ካርድ ማውጣት ከአዲስ አበባዋ እናት ጋር አንድ ዓይነት ችግር ውስጥ ይከታችኋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጃችን አማርኛ እንዳይጠፋበት ዘመዶቻችን ከአገር ቤት የአደይ አበባና የደመራ ካርድ ልከውልናል። በእነዚህ ብቻ ወቅቶችን ማስተማር እንችላለን?
አባት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በእነዚህ ብቻ አይበቃም። ልጅዎ ጠዋት በመስኮት የሚያየውን ነገር በአማርኛ መጥራት ካልቻለ፣ አማርኛ የበዓል ቀን ቋንቋ ብቻ ሆኖ ይቀርበታል፤ ይህም የብዙ ቤተሰብ ሐዘን ነው። የአዲስ አበባዋ እናት ያስቀመጠቻቸው ዓይነት ካርዶች ለእርስዎ በትክክል ያገለግላሉ። የረገፈ ቅጠል፣ በረዶ የለበሰ ጣሪያ፣ ጓንትና ሹራብ የልጅዎ የዕለት ተዕለት ነገሮች ስለሆኑ በእነዚህ ይጀምሩ፤ አብራችሁ በረዶ ስትጠርጉ «በረዶ ጠረግን» በሉ። የአደይ አበባውን ካርድ ለእንቁጣጣሽ፣ የደመራውን ለመስቀል አቆዩትና፣ ልጁ ደመራው ሲለኮስ በዓይኑ ካየ በኋላ በማግስቱ አሳዩት።