«ልጄ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ሊንበረከክ ነው፤ መብቱ ነው?»

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ነው። እዚሁ የተወለደው የ16 ዓመት ልጄ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካን እግር ኳስ ይጫወታል። ሰሞኑን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከጨዋታ በፊት ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ሊንበረከክ ማሰቡን ነገረኝ። አሠልጣኛቸው ግን «ያልቆመ አይሰለፍም» ብሏቸዋል። እኔ ያደግሁት ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣና ሲወርድ መንገደኛው ሁሉ ባለበት ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ዘመን በመሆኑ ነገሩ ከብዶኛል። ልጄ «ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድልኛል» ይላል፤ የአሜሪካን እግር ኳስ ተጫዋቹ ኮሊን ኬፐርኒክ በዚሁ ሰበብ ከሥራ ውጭ መሆኑን ሳነሣበት ግን መልስ አላገኘም። ማናችን ነን ትክክል? ደግሞስ በሂደት ላይ ያለውን የእኔን የዜግነት ማመልከቻ አይነካብኝም? (አንድ አባት)

መልስ፦ በሕጉ በኩል ልጅዎ ትክክል ነው። እርስዎ ያነሡት ምሳሌም እውነት ነው፤ ነገር ግን ኬፐርኒክና ልጅዎ የሚዳኙት በአንድ ሕግ አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ የንግግርን ነጻነት የሚጠብቀው መንግሥትን በመገደብ ነው፤ የግል አሠሪን አይገድብም። ስለዚህ አንድ ስፖርተኛ በመዝሙር ሰዓት ተቀመጠ ወይም ተንበረከከ ሲባል ጠበቃ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የከለከለው ማን ነው?» ብሎ ነው።

የኬፐርኒክን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ ሰው ብዙ ጊዜ አሳጥሮ ስለሚያወራው። የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ ተጫዋች የነበረው ኬፐርኒክ ፖሊሶች በጥቁሮች ላይ የሚያደርሱትን በደል ለመቃወም መጀመሪያ ያደረገው መቀመጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 2016 በነበረው ጨዋታ ላይ የውኃ ማቀዝቀዣዎቹ አጠገብ ብቻውን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ታየ። ከዚያ በኋላ ኔት ቦየር ከተባለ የቀድሞ የልዩ ኃይል ወታደር ጋር ተገናኝቶ ሲነጋገር፣ ወታደሮች በወደቀ ጓዳቸው መቃብር ፊት እንደሚያደርጉት ቢንበረከክ የተሻለ እንደሚሆን ተስማሙ፤ በሚቀጥለው ጨዋታም ከቡድን ጓደኛው ከኤሪክ ሪድ ጋር ተንበረከከ። በእኛ ቋንቋ መንበርከክ ከጸሎት፣ ከልመና ወይም ከመሸነፍ እንጂ ከንቀት ጋር ስለማይያያዝ፣ የተነሣው ቁጣ ብዙዎቻችንን ግራ ያጋባን ያለ ምክንያት አይደለም።

ኬፐርኒክ በዚያ የውድድር ዘመን መጫወቱን ቀጥሏል። ችግሩ የመጣው በማርች 2017 ውሉን በራሱ ፈቃድ አቋርጦ ነጻ ተጫዋች ከሆነ በኋላ የሚቀጥረው ክለብ ሲጠፋ ነው። ያቀረበው አቤቱታ ታዲያ ሕገ መንግሥቱን ያነሣ አልነበረም፤ ክለቦቹ ላለመቅጠር ተመሳጥረዋል፣ ይህም የተጫዋቾች ማኅበርና ሊጉ የተፈራረሙትን የኅብረት ስምምነት ይጥሳል የሚል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 የክፍያው መጠን ሳይገለጽ በስምምነት ተዘጋ። በቅርጫት ኳስም ነገሩ አዲስ አይደለም። የዴንቨር ናጌትሱ ማህሙድ አብዱል ራኡፍ በ1996 በእምነቱ ምክንያት አልቆምም ብሎ በሊጉ ደንብ መሠረት ለአንድ ጨዋታ ታግዷል፤ የተመለሰውም ቆሞ፣ እጆቹን ወደ ፊቱ አቅርቦ የራሱን ጸሎት እያደረሰ ነው። ሁለቱም የተከራከሩት ከቀጣሪ ጋር ነው።

የልጅዎ አሠልጣኝ ግን ደመወዙን የሚከፍለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነውና በሕግ ፊት እሱ ራሱ መንግሥት ነው። ዋናው ፍርድ የቆየ ነው። በዌስት ቨርጂኒያ የይሖዋ ምሥክሮች እምነት ተከታይ የሆኑ ቤተሰብ ልጆች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባርረው ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 1943፣ ያውም አገሪቱ በጦርነት ውስጥ እያለች፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማንንም ተማሪ እንዲህ ሊያስገድድ አይችልም ብሎ ወሰነ። ይኸው ፍርድ ቤት ከ3 ዓመት በፊት ብቻ ተቃራኒውን ወስኖ ነበር፤ በዚህ ፍጥነት የራሱን ቃል መሻሩ እስከ ዛሬ የሕግ ተማሪዎችን ያስደንቃል። በ1969 ደግሞ የቬትናምን ጦርነት ተቃውመው ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው የመጡ ተማሪዎችን ደግፎ፣ ትምህርትን በእጅጉ እስካላወከ ድረስ ዝምተኛ ተቃውሞ የተጠበቀ መሆኑን አረጋገጠ። የእርስዎም ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 የግዴታ ሰላምታን ውድቅ አድርጓል።

እነዚህ ፍርዶች ስለ ስፖርት ሜዳ በቀጥታ አይናገሩም፤ አሠልጣኞች የሚከራከሩትም እዚህ ላይ ነው፤ «ቡድን ውስጥ መጫወት መብት ሳይሆን ዕድል ነው» ይላሉ። ነገር ግን መንግሥት የሚሰጠውን ዕድል እንኳ ዝም ለማሰኛ መያዣ ሊያደርገው አይችልም። በካሊፎርኒያ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በ2017 ከጨዋታ በፊት ተንበርክኮ፣ የትምህርት ዲስትሪክቱ መንበርከክን የሚከለክል ደንብ ባወጣ ጊዜ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን በጊዜያዊ ትእዛዝ አግዶታል። ይህ ውሳኔ ሜሪላንድን አያስገድድም፤ አመዛዘኑ ግን ከልጅዎ ጉዳይ ጋር አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ የግል ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ልሸሽግዎ አልፈልግም። አሠልጣኙ ልጁን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ «ብቃቱ ስላልተሟላ ነው» ቢል፣ እውነተኛ ምክንያቱ መንበርከኩ መሆኑን ማስረዳት ቀላል አይደለም። ልጅዎን ከተመልካች ስድብና ከጓደኞቹ ኩርፊያም የሚያድነው ፍርድ ቤት የለም።

የእርስዎን ስሜት ለልጅዎ ለማስረዳት ከኬፐርኒክ ይልቅ ፈይሳ ሌሊሳን ቢያነሡለት ይሻላል። ፈይሳ እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2016 በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ያጣመረው መዝሙር እየተዘመረ አልነበረም፤ የፈራው ግን አሠሪን ሳይሆን መንግሥትን ነበር። መንግሥት ምንም አይደርስበትም ብሎ በይፋ ቢናገርም አሜሪካ ቀርቶ፣ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በኦክቶበር 2018 ነው። የመጀመሪያው ማሻሻያ የተጻፈው ሰውን ከእንዲህ ያለው ፍርሃት ለማዳን ነው፤ ልጅዎ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የያዘው መብትም ይኸው ነው።

ማመልከቻዎን በተመለከተ አይሥጉ። የሚመረመረው የእርስዎ የራስዎ ጠባይና ሰነድ ነው፤ አሜሪካ የተወለደ ልጅ በሕግ የተጠበቀ ሐሳቡን መግለጹ በአባቱ ላይ የሚቆጠር ጥፋት አይደለም። በመዝሙር ሰዓት ቀጥ ብሎ ቀኝ እጅን ልብ ላይ ማድረግን የሚያስቀምጠው የፌዴራል ሕግ ራሱ ቅጣት የለውም።

ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፤ «ያልቆመ አይሰለፍም» የሚለው የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው ወይስ የአሠልጣኙ ቃል ብለው ይጠይቁና መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ያመልክቱ። ልጅዎም በየጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደተሰለፈ ከአሁኑ መመዝገብ ይጀምር።