ጥያቄና መልስ፦ «ብሬክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ

ጥያቄ፦ ጊዜዎቹን ባጭሩ ቢያስቀምጡልን?

መልስ፦ መነሻው «ብሬክ» (መስበር)፣ ኃላፊው «ብሮክ»፣ ሦስተኛው ቅርጽ «ብሮክን»። ከ«ሂ»፣ «ሺ» እና «ኢት» ጋር «ብሬክስ»። «ብሬክድ» ሲባል ከሰሙ ሌላ ግስ ነው፤ ድምፁ አንድ ሆኖ አጻጻፉ የሚለይ፣ ፍሬን መያዝ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ «አይ ሃቭ ብሮክ ማይ ፎን» ብዬ ጽፌ ታረምኩ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ከ«ሃቭ»፣ «ሃዝ» እና «ሃድ» ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው ቅርጽ ነው፦ «አይ ሃቭ ብሮክን ማይ ፎን»። «ብሮክ» ያለ ረዳት ግስ ይቆማል፦ «አይ ብሮክ ኢት የስተርዴይ»። ከ«ዲድ» በኋላ ደግሞ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ «ዲድ ዩ ብሬክ ኢት?»። በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ «ትናንት ሰብሬዋለሁ» ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ካሉ «ሃቭ» መውጣት አለበት።

ጥያቄ፦ «ብርጭቆው ተሰበረ» ለማለት «ዘ ግላስ ዎዝ ብሮክን» ልክ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሰዋስዉ ልክ ነው፤ የሚያስተላልፈው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። እኛ «ሰበረ»ን ከ«ተሰበረ» የምንለየው «ተ» ጨምረን ነው። «ብሬክ» ግን ያለ ምንም ጭማሪ ተሻጋሪም ኢተሻጋሪም ይሆናል፦ «ሺ ብሮክ ዘ ግላስ» ሰበረችው፣ «ዘ ግላስ ብሮክ» ተሰበረ። ብርጭቆው ከእጅ አምልጦ ከሆነ «ኢት ፌል ኤንድ ብሮክ» ይበሉ። «ዎዝ ብሮክን» ካሉ ሰሚው ወይ «ማን ሰበረው?» ይላል፣ ወይ ድሮውኑ ስብር እንደነበረ ይረዳል። «ተ»ን ባየን ቁጥር «ዎዝ» የምንጨምረው ከአማርኛው ልማድ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ስለማይፈርስ አራሚም ብዙ ጊዜ ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ «አይ አም ብሮክ» እና «አይ አም ብሮክን» ልዩነታቸው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ኪሴ ባዶ ነው፤ የጨዋታ ቋንቋ ስለሆነ በሥራ ደብዳቤ አይግባ። ሁለተኛው ሐዘን የሰበረው ሰው የሚለው ነው። ሁለቱም እዚህ ቅጽል ናቸው። ለተሰበረ ዕቃ ግን «ብሮክን» ብቻ፦ «ኤ ብሮክን ቼር»።

ጥያቄ፦ ስምስ ይሆናል?

መልስ፦ አዎ፣ «ቴክ ኤ ብሬክ» ሲሉ እረፍት ነው። «ብሬክዳውን» ተያይዞ ሲጻፍ ስም ነው፤ ሲነበብ ጫናው «ብሬክ» ላይ ያርፋል። ተለያይቶ ሲጻፍ ግስ ሆኖ ጫናው ወደ «ዳውን» ይሄዳል፦ «ዘ ካር ብሮክ ዳውን»። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ «ዳውን»ን አይተዉት።

ጥያቄ፦ ቁርስስ ከዚሁ ነው?

መልስ፦ ከዚሁ ነው፣ ጾም መፍታት። ሲነበብ ግን ያጥራል፦ «ብረክፈስት» እንጂ «ብሬክፋስት» አይባልም።