«ፒያሳ» በ1919 ዓ.ም. ይባል ነበር?

ጥያቄ፦ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ስለምትኖር ወጣት የሚተርክ ታሪካዊ ልቦለድ እያነበብኩ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ዘመኑ 1919 ዓ.ም. ነው። ልጅቷ ለጓደኛዋ «ነገ ፒያሳ ደርሰን በመርካቶ በኩል እንመለሳለን» ትላታለች። ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ያላገባች የመኳንንት ልጅ «ወይዘሮ» ተብላለች። ስሕተት ናቸው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው አይደለም።

«ፒያሳ» እና «መርካቶ» ጣልያን ትቶልን የሄደ ስሞች ናቸው። ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ልጅቷ ቃሎቹን ዘጠኝ ዓመት ቀድማ ተናግራቸዋለች። በእሷ ጊዜ ሰፈሩም ገበያውም «አራዳ» ነው፤ ገበያው የሚቆመው እዚያው ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወደ ምዕራብ የተዛወረው በወረራው ዘመን ሲሆን፣ ያኔ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» (የአገሬው ሰው ገበያ) ተባለ፤ በሰው አፍ ሲንከባለል «መርካቶ» ብቻ ቀረ። ስለዚህ ስሙን ብቻ ቀይሮ ማለፍ አይበቃም፤ የልጆቹ የመመለሻ መንገድ ራሱ ይፈርሳል። «ነገ አራዳ ገበያ እንሂድ» ብትል ያስኬዳል። «ለገሃር» ብትል ግን አይያዙባት፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው።

እንዲህ ያለ ቃል ሲያጠራጥርዎ አስቀድመው የማን አፍ እንደሆነ ይዩ። ተራኪው «ዛሬ ፒያሳ የሚባለው ሰፈር» ቢል ምንም አይደል፤ ጉዱ የሚመጣው ቃሉ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ነው። ቀጥሎ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ። ምዕራፉ አናት ላይ «1936» ብቻ ተጽፎ ቢያገኙ፣ በእኛ ከሆነ ጣልያን ከከተማው ከወጣ ሦስት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ገና መግባቱ ነው። ደራሲ ከውጭ ሰነድ ቀድቶ ሳይቀንስ ሲተወው ብዙ ቃል አብሮ ይዛነፋል።

«ወይዘሮ» የዘር ማዕረግ ነበር። የመሳፍንትና የመኳንንት ልጅ ብታገባም ባታገባም ትጠራበት ነበር፤ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ የሆነው ኋላ ነው። እንዲያውም ጥርጣሬዎን ይገልብጡት፦ በዚያ ዘመን ጠላ ሻጯ ጎረቤት ባል ስላላት ብቻ «ወይዘሮ» ስትባል ካገኙ ያኔ ይቆጡ። ልጅቷ «እትዬ» ብትላት ይሻላል።