ልጄ ሀ ሁን ትዘምራለች፤ ፊደል ግን አትለይም

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለ ፊደል የሚጠይቁኝ ወላጆች ይበዛሉ። የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ።

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ከሀ እስከ ፐ ሳትሳሳት ትወርደዋለች። “ሙ የታለች?” ስላት ግን ጣቷ ሌላ ቦታ ይሄዳል። (እናት፣ ከአዳማ)

እህቴ፣ ልጅሽ የያዘችው ዜማውን ነው። ክፋት የለውም፣ ጆሮዋ ሰባቱን ድምፆች ለምዷል። ዓይኗ ግን ገና አልተከተለም። ስትዘምር ጣቷን ልብ በዪ፤ አፏ “ሚ” ሲል ጣቷ መ ላይ እንደቆመ ታገኚዋለሽ።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ለዚህ መላ ነበራቸው። ከሀ ሁ ቀጥሎ አቡጊዳ ያስቆጥራሉ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተራው ስለሚዘበራረቅ በለመዱት ዜማ ብቻ አይታለፍም።

አንቺ 231ዱን ፊደል በአንዴ ተዪውና በስሟ ጀምሪ። ማርታ ከሆነች ማ፣ ር፣ ታን በሦስት ቁራጭ ካርቶን ጻፊ። አደባልቂያቸውና ራሷ ትደርድራቸው። ከዚያ ር ትነሳ፤ “ማታ” ሆነ! የኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ነው። ሁለት ፊደል የለየች ልጅ ዛሬውኑ ቃል ታነባለች። ይህን ደስታ እስከ ፐ ድረስ አታዘግዪባት።

ልጄ ጠን “ተ”፣ ቀን “ከ” ይላል። ምላሱ ችግር ይኖርበት ይሆን? (አባት፣ ከቨርጂኒያ)

እንግሊዝኛ ጠ እና ቀ የለውም፤ እዚያ ላደገ ልጅ ይህ የተለመደ ነው። ፊደሉን ከማሳየትህ በፊት በጆሮው ይለይ። “መታ” ስትል ያጨብጭብ፣ “መጣ” ስትል ብድግ ይበል። ቀጥሎ ስስ ወረቀት ከአፉ ፊት ያዝለት። “ተ” ሲል ትንፋሹ ወረቀቱን ያወዛውዘዋል። “ጠ” በደንብ ከወጣች ወረቀቱ ብዙም አይነቃነቅም።

አደራ፣ ዘመድ ተሰብስቦ “እስቲ ድገመው” እያለ እንዳይስቅበት። የተሳቀበት ልጅ አማርኛውን ጭራሽ ይተወዋል።

ከሀ፣ ከሐ እና ከኀ የትኛውን ላስቀድም?

ሀን ብቻ። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ሌሎቹ ማንበብ ከጀመረ በኋላ ይደርሳሉ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ልጅዎ ሐና ከሆነች ግን ሐን አይንፈጓት፤ የስሟ ነው።

የልጅ ልጄ 3 ዓመቱ ነው። እርሳስ ላስይዘው? (አያት፣ ከደሴ)

እማማ፣ አይቸኩሉ፤ ጣቶቹ ገና አልጠኑም። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሰው በጣቱ ይጻፍ። እሱ ሰን ሲጽፍ እርስዎ ከላይ ጭረት ጨምሩበትና “ሸ” ይበሉት። ነም እንዲሁ ኘ ይሆናል። አስር ደቂቃ ይበቃዋል። ዱቄቱን መበተን ከጀመረ ሰልችቶታልና ትሪውን ያንሱት።